በጸሎት መሃል የተነሰነሰው አሸዋ

የሴት ልጅ አባት ፊት ቀርቦ «ምን ትሠራለህ?» የተባለ ሰው መልሱ አጭር ቢሆን ይመከራል። «ሐኪም ነኝ»፣ «ባንክ ነው የምሠራው»፣ ቢቸግር ቢቸግር «ሹፌር ነኝ» ማለት ይበቃል። አባትየው ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፣ ወሬው ወደ ዝናቡ ይዞራል፣ ምሳ ይቀርባል። የእኔ መልስ ግን አጭር አይደለም። አጭር ላድርገው ብዬ የሞከርኩ ቀን የደረሰብኝን ነው የማወራችሁ።

ጂኦሎጂስት ነኝ፤ እዚሁ ሐዋሳ አስተምራለሁ። የያዝኩት ምርምር ከወንዝ አሸዋ ውስጥ ዚርኮን የሚባሉ ደቃቅ የማዕድን ፍሬዎችን ለቅሞ ዕድሜያቸውን ማስለካት ነው። ሥራ ነው ወይ አትበሉኝ፤ እናቴም ትጠይቀኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማችን የተቀመጠችው ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ወደ ውስጥ በሰመጠ ትልቅ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ሐይቁም፣ አስፋልቱም፣ ባጃጆቹም፣ ሁላችንም ድስት ውስጥ ነን ማለት ይቻላል። ያ እሳት መቼ መቼ እንደነደደ፣ መቼስ እንዳረፈ ማወቅ የፈለገ ሰው ተራራውን ሁሉ ቋጥኝ በቋጥኝ ሊዞር ይችላል፤ ዕድሜ ከበቃው። እንደ እኔ ሰነፍ የሆነ ደግሞ ወንዝ ዳር ይቀመጣል። ወንዝ የሰፈር ወሬኛ ማለት ነው። በየደጁ ይደርሳል፣ ከየተራራው ቁራጭ ቁራጭ እየያዘ ይወርዳል፣ ያመጣውን ታች ላገኘው ሁሉ ይዘረግፋል። ዚርኮን የምትፈጠረው ቅልጡ ዓለት እየበረደ ሲሄድ ነው። ስትፈጠር ጥቂት ዩራኒየም ትውጣለች፤ ያ ዩራኒየም ቀስ እያለ ወደ እርሳስ ይለወጣል። ምን ያህሉ እንደተለወጠ የለካ ዕድሜዋን ያውቃል። ሰው ዕድሜውን በሚደብቅበት ዘመን የማትዋሽ እሷ ናት።

መከራው ለቀማው ላይ ነው። ከወንዶ ገነት በኩል ከተራራው ከሚወርድ አንድ ወንዝ አሸዋ በጆንያ ተሸክሜ እመጣለሁ። አደርቀዋለሁ፣ እነፋዋለሁ፣ በውኃ እያወዛወዝኩ አጥበዋለሁ፣ ጥቁሩን በማግኔት አወጣዋለሁ። ጆንያው እየጎደለ፣ ወገቤ እየተቀነጠሰ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ብልቃጥ ውስጥ የምትገባ ቁንጣሪ ትቀራለች። ነጣ ያለች፣ ብርሃን ሲያገኛት ብልጭ የምትል ቁንጣሪ። የመጀመሪያውን ጆንያ ግቢው ውስጥ አስጥቼው ብወጣ አከራዬ ድስት ፈትገውበት ጠበቁኝ። ደግሞም አመስግነውኛል፤ ጥላሸት እንዲህ የሚያስለቅቅ አሸዋ አይተው እንደማያውቁ፣ ሌላም ካለኝ እንዳልሰስት ነገሩኝ። ከዚያ ወዲያ ሁለተኛውን ጆንያ አጥቤ ያገኘኋትን ቁንጣሪ ከኪሴ አልለያትም ብዬ ማልኩ። ሰኞ ጠዋት አንድ ባልደረባዬ ወደ ውጭ አገር ሊበር፣ እሷንም መለኪያው መሣሪያ ወዳለበት ላቦራቶሪ ሊያደርስልኝ ተስማምተናል። እሱ ካመለጠ ሌላ መንገደኛ መቼ እንደሚገኝ እንጃ።

የምሳ ጥሪው የነበረው እሑድ ነው። አያችሁ፣ መዓት ሲመጣ ቀን ያመቻቻል።

ጠሪዎቼ የእጮኛዬ የሩት ወላጆች ናቸው። ሩት መሃል ከተማ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ብልቃጧንም የሰጠችኝ እሷ ናት። አባቷ አቶ ላምቦሬ እዚሁ ሐዋሳ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር የግንባታ ዕቃ መደብር አላቸው። ሲሚንቶ፣ ብሎኬት፣ ጠጠርና አሸዋ ይሸጣሉ። አሸዋ ለእሳቸው በገልባጭ መኪና የሚመጣ፣ በአካፋ የሚዛቅ፣ ደጃፍ ላይ ጉብታ አክሎ የሚከመር ነገር ነው። ሩት መንገድ ልታቀናልኝ ብላ «እሱም አሸዋ ላይ ነው የሚሠራው» ብላቸዋለች። ውሸት አይደለም። እውነት ነው ብሎ የሚምልም የለም።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደጃቸው ላይ ጠበቅኋቸው። ሶፋው ላይ ገና ሳልደላደል ጋሼ ላምቦሬ ወደ ሥራ ወሬ ገቡ። አሸዋውን ከየት እንደማወጣ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ወንዙን ያውቁታል፤ አሸዋው ለልስን ደህና ነው አሉኝ።

«በምንድን ነው የምትጭነው? በገልባጭ ነው?»

«አይ ጋሼ፣ በጆንያ ነው። እሱም ተለቅሞ ተለቅሞ ቁንጣሪ ነው የሚቀረው።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ንግድ ጥሎት የወደቀ ሰው ሲያጋጥማቸው የሚያዩት አስተያየት መሆን አለበት፤ ርኅራኄ የሞላበት ነው። ጉልበቴን ቸብ ቸብ አደረጉና «አይዞህ፣ ሁሉም ሰው ከትንሽ ነው የሚጀምረው» አሉኝ። ምርምር መሆኑን ላስረዳ አፌን ስከፍት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የራሳቸውን ችግር አወሩኝ። ደም ግፊት አለባቸው። ሐኪሙ ጨው ከልክሏቸዋል። ሐኪሙስ ሩቅ ነው፤ ቤት ውስጥ ያሉት ሁለት ሴቶች ናቸው የባሱት፤ ጨውን እንደ መሣሪያ ደብቀውታል። ዓሣ ያለ ጨው መብላት ካርቶን እንደማላመጥ ነው አሉኝ። እኔም ሰውን ደስ ለማሰኘት የማልለው የለምና «መላ አይጠፋም ጋሼ» አልኳቸው። የተናገርኩትን ወዲያው ረሳሁት። እሳቸው ግን አልረሱትም።

ወደ ጠረጴዛው ተጠራን። ለእኛ የተጠበሰ ፊሌቶ፣ እሾኹ የወጣለት ዓሣ፣ በአንድ ትሪ፣ ለጋሼ ላምቦሬ ጨው የሌለው ፊሌቶ በነጭ ሳህን ለብቻው ቀረበ። የለበስኩት ሱሪ ለዚያ ቀን ተብሎ የተገዛ ጠባብ ሱሪ ነው። ስቀመጥ ብልቃጧ ጭኔን ወጋችኝ፤ ትሰበራለች ብዬ ፈራሁና ከኪሴ አውጥቼ ከሳህኔ አጠገብ አቆምኳት። ጋሼ ላምቦሬ ብልቃጧን አዩ። ቀጥለው እኔን አዩ። ፊታቸው በራ። ከአማቴ አገኘዋለሁ ብዬ ሳስብ የሰነበትኩት ፈገግታ ነበርና ምክንያቱን ሳልጠይቅ በፈገግታ መለስኩላቸው።

የሩት እናት እትዬ ታደለች ጸሎት ጀመሩ። እትዬ ታደለች ሲጸልዩ ነገር አያስቀሩም። ከምግቡ ጀምረው ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለታመመ፣ መንገድ ላይ ላለ፣ ለከተማው መብራትና ውኃ ሳይቀር ይደርሳሉ። ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነናል። ወደ እኔ ሲመጡ «የዚህንም ልጅህን የአሸዋ ንግድ ባርክለት» አሉ። ንግድ የምትለው ቃል ናት ዓይኔን የገለጠችው።

ጋሼ ላምቦሬም ገልጠዋል። ብልቃጧ እጃቸው ውስጥ ናት። ጎንበስ ብለው፣ በጠቋሚ ጣታቸው መታ መታ እያደረጉ፣ የተራሮቹን ታሪክ ፊሌቶው ላይ እየነሰነሱት ነው። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ጠቀሱኝ። ክዳኗን አጥብቀው ዘጉና ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቷት። «አሜን» ሲባል ከሁሉም ጮክ ብለው ያሉት እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ብናገር አባትየውን ሚስታቸው ፊት ማጋለጤ ነው፤ ያውም ገና የመጀመሪያ ቀን። እንዴት አየህ ብባልስ? በጸሎት መሃል ዓይኔን ገልጬ ነበር ልል ነው? ዓይኑን ገልጦ የጸለየ ሰው ያየውን መቻል አለበት። ባልናገር ደግሞ የስንት ቀን የወገብ ድካሜ በሹካ እየተጠቀለለ ሲሄድ ቁጭ ብዬ ማየቴ ነው። ከእሳተ ገሞራ የተረፈች፣ ተራራ ሲናድ የተረፈች፣ በጎርፍ ተንከባልላ የተረፈች ፍሬ በአዲስ ከተማ ምሳ ላይ ስትጠፋ።

ጋሼ ላምቦሬ ጎረሱ። ድምፁ ተሰማ፤ ጠጠር ላይ የሚሄድ ጎማ ዓይነት ድምፅ። ቆም አሉና ማላመጣቸውን ቀጠሉ። እትዬ ታደለች ሎሚ ሊያመጡ ሲነሱ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ብልህ ልጅ ነህ። ጨውህ ግን ጉልበት ይጎድለዋል» አሉኝ፣ እጃቸውንም ወደ ኪሳቸው ላኩ። ሊጨምሩ ነው። ከጠረጴዛው ሥር እጃቸውን ያዝኩት። እሳቸው ይጎትታሉ፣ እኔ እይዛለሁ። ሩት ሹካዋ ወድቆ ልታነሳ ስትጎነበስ እጅ ለእጅ ተያይዘን አየችን። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እጮኛዋና አባቷ በአንድ ምሳ እንዲህ ይዋደዳሉ ብላ አላሰበችም።

እትዬ ታደለች ሎሚውን ይዘው ተመለሱና ቆመው አዳመጡ።

«ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?»

ጋሼ ላምቦሬ እሾህ ነው አሉ። እትዬ ታደለች ፊሌቶ እኮ ነው፣ የምን እሾህ አለው ብለው ከባላቸው ሳህን ቆንጥረው ቀመሱ። ቀመሱና መዳፋቸው ላይ ተፉት፤ ወደ መስኮቱ ይዘው ሄደው አገላብጠው አዩት። አሸዋ ነው። ምንም ሳይሉ ስልካቸውን አነሱ።

የደወሉት ማርታ ለምትባል ሴት ነው። ማርታ ሐይቁ ዳር ካለው የአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ እየገዛች በየቤቱ የምታደርስ፣ ለዓመታት እነ ሩት ቤት የገባች ናት። እትዬ ታደለች አልጮኹባትም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር። በረጋ ድምፅ ዓሣው አሸዋ ለብሶ እንደመጣ፣ እንግዳ ፊት እንዳፈሩ፣ ከእንግዲህም እንዳታመጣ ነገሯት። ከወዲያ በኩል የማርታ ድምፅ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል። በእጄ ነው ያጠብኩት ትላለች። ውኃ ቀይሬ ደግሜ አጥቤዋለሁ ትላለች። ለሌላም ቤት ከዚሁ ሰጥቻለሁ፣ ይጠይቋቸው እያለች ድምፅዋ ተቆራረጠ።

አሸዋዬ ቢበላ እችላለሁ። የማርታን ድምፅ ግን አልቻልኩትም። ብድግ አልኩ።

«እትዬ፣ አሸዋው የዓሣው አይደለም። የእኔ ነው።»

ማርታ ስልኩን አልዘጋችውም። ራሷ ተገልብጣ ፈሰሰች ልል አስቤ ነበር፤ ብልቃጥ በራሷ ተከፍታ፣ ፈስሳ፣ ተመልሳ ተዘግታ ሰው ኪስ የምትገባበትን መንገድ ገና እየፈለግሁ ሳለ ጋሼ ላምቦሬ ተነሡ። ከኪሳቸው አውጥተው ከሳህኔ አጠገብ አቆሟት።

«ልጁ ምንም አላደረገም» አሉ። «ጨው መስሎኝ የነሰነስኩት እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«ስትጸልዪ።»

እትዬ ታደለች ባላቸውን አዩ፣ አዩ፣ አዩና ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ የእሱን አድራጎት በምን አየኸው?»

ወደ ጋሼ ላምቦሬ ዞርኩ። እሳቸውም ሊያግዙኝ አልቻሉም። ያን ጊዜ ሩት መሳቅ ጀመረች። አፏን በእጇ ብታፍነው በትከሻዋ ወጣ። ቀጥሎ ከስልኩ ውስጥ ማርታ ሳቀች። እትዬ ታደለች ሊቆጡ የያዙትን ፊት ትንሽ ታገሉትና ለቀቁት። ስልኩን አንስተው ማርታን ይቅርታ ጠየቋት፤ በነጋታው ራሳቸው አሞራ ገደል ድረስ ሄደው፣ የምትሸጥበት ቦታ ላይ ሰው እየሰማ እንደሚደግሙትም ነገሯት። ሄደውም ደገሙት።

ሩት የፋርማሲ ሰው ናትና ሳቋን እንደጨረሰች ወደ ምርመራ ገባች። በምን ነው የታጠበው? በውኃ ብቻ። መድኃኒት አልነካውም? አልነካውም። አባቷን ብርጭቆ ሙሉ ውኃ አስጠጣቻቸው። ከዚያ በፊት ግን እትዬ ታደለች አንድ ነገር አዘዙ፤ የሰው ንብረት ነውና አፍህን ተጉመጥምጠህ ሳፋ ውስጥ ትፋ አሉ። ጋሼ ላምቦሬ ትእዛዙን ፈጸሙ። ናሙናው በአማቱ አፍ ያለፈ ጂኦሎጂስት ከእኔ ሌላ ካለ ደብዳቤ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።

ብልቃጧን ወደ ብርሃን ይዤ አየኋት። ከግማሽ በላይ ተርፏል፤ ክዳኗም ደህና ተዘግቷል። የቀረው ከነፊሌቶው ሳህኑ ላይ ነው። ሁሉንም ሳፋ ውስጥ ገለበጥነው፣ ዘይቱን በሳሙና አስለቀቅን፣ የዓሣውን ፍርፋሪ እያንሳፈፍን ደፋን። ዚርኮን ከተራ አሸዋ ትከብዳለች፤ ሳፋውን በዝግታ ሲያወዛውዙት ቀላሉ ከውኃው ጋር ይሄዳል፣ እሷ ታች ትቀራለች። እንዴት እንደሆነ አሳየኋቸው። ጋሼ ላምቦሬ ልሞክር ብለው ግማሹን ሱሪዬ ላይ ደፉት። ሱሪዬንም አጠብነው፤ እኔ የጋሼ ላምቦሬን ቁምጣ ለብሼ ሳፋው ዙሪያ ተቀመጥኩ። የእጮኛ ቤት በመጀመሪያው ቀን እዚህ ድረስ የደረሰ ሰው አልሰማሁም።

በዚያ አቀማመጥ ነው ሥራዬን ያስረዳሁት። ድስቱን፣ እሳቱን፣ ወሬኛውን ወንዝ፣ ዩራኒየሙን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሩት የስልኳን መብራት ይዛ፣ በቅንድብ ብሩሽዋ ፍሬዎቹን እየለቀመች ታዳምጣለች። ጋሼ ላምቦሬ የጎረሱት እሳተ ገሞራ መሆኑን ሲሰሙ ሆዳቸውን ዳበስ አደረጉ። እትዬ ታደለች ግን ጠየቁኝ።

«ይህ ከእግራችን ሥር ያለው እሳት፣ ሞቷል ወይስ ተኝቷል?»

ክፍል ውስጥ ቢሆን ረጅም መልስ ነበረኝ። ሳፋ ዙሪያ በሰው ቁምጣ ተቀምጦ ረጅም መልስ አይወጣም።

«አላውቅም እትዬ። አሸዋውን የምጠይቀው እሱኑ ነው።»

ጥቂት አሰቡና እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። «እንግዲያው ደህና አድርገን እንፈልግ» ብለው ሳፋውን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

ከሳህኑ ያገኘነውን ከንጹሑ ጋር አልቀላቀልኩም፤ ሳፋ ውስጥ ምን እንደገባ በምን አውቃለሁ? ሩት ሌላ ብልቃጥ አመጣች። ሰኞ ጠዋት ባልደረባዬን አግኝቼ ሁለቱንም ሰጠሁት፣ የሆነውንም አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ሲስቅ አውሮፕላኑ ሊያመልጠው ነበር። በንጹሑ ብልቃጥ ላይ የወንዙን ስም ጻፈ፤ በሁለተኛው ላይ «ምሳ» ብሎ ጻፈ። ከሳምንታት በኋላ ከላቦራቶሪው የደረሰኝ የመጀመሪያ መልእክት ጥያቄ ነው፤ ምሳ የሚባለውን ቦታ ካርታ ላይ ፈልገው እንዳጡት፣ ከሐዋሳ በየት አቅጣጫ እንደሆነ እንድነግራቸው በትሕትና ይጠይቃል።

ውጤቱ የመጣው ቆይቶ ነው። ፍሬዎቹ በዕድሜያቸው፣ እንደ ሠርግ እንግዳ በቡድን በቡድን መጥተዋል። አንድ ጥንታዊ ቡድን፣ ከዚያ ረጅም ጸጥታ፣ ከዚያ እንደገና ብዙ ሆነው ግር ያሉ፣ እንደገና ጸጥታ። እስከዚህ የጠበቅሁት ነው። በመጨረሻ ግን ጥቂት ሆነው የተሰበሰቡ ልጆች አሉ። በእኛ አቆጣጠር ልጆች ማለቴ ነው፤ ለሰው ያው ጥንት ናቸው። የእነሱን ዕድሜ የሚያህል ዓለት በካርታችን ላይ የትም የለም። ማንም ያልመዘገበው እሳት ነድዶ፣ ዓለቱ የሆነ ቦታ ተሸፍኖ፣ ወሬውን ወንዙ ብቻ ይዞት ወርዷል። ያን ወረቀት ይዤ ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

በዚያው ሰሞን ሽማግሌዎቼ እነ ሩት ቤት ሄደው ነበር፤ ልጁ ምን ይሠራል ተብለው ሲጠየቁ ሊቀ መንበራቸው ሲንተባተቡ ጋሼ ላምቦሬ ራሳቸው ዩራኒየሙን አስረዷቸው አሉ። ስለዚህ ውጤቱን ይዤ ስሄድ የገባሁት እንደ ቤተሰብ ነው። ለእትዬ ታደለች የጠየቁኝን መለስኩ። ተኝቷል ነው የሚመስለኝ፤ ግን አሁን የአተኛኘቱን ልማድ ማወቅ ጀምረናል፤ ልማዱን ያወቀ ሰው ሲገላበጥ ይሰማዋል አልኳቸው። «ተኝቶ ከሆነስ የሚጠብቀው ሰው መኖሩ ደግ ነው» አሉኝ። ጋሼ ላምቦሬ ግን ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አገላበጡት።

«ለእኔ አሸዋ ማለት ቤት ከመሠራቱ በፊት የሚመጣ ነገር ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ከምን በኋላ እንደሚመጣ ግን ጠይቄ አላውቅም።» ከዚያ እነዚያ ልጆች የመጡበትን ቦታ እንዴት ብዬ እንደማገኘው ጠየቁኝ። ወንዙን ሽቅብ እየተከተሉ፣ ገባሮቹ በሚገናኙበት ሁሉ ከእያንዳንዱ አሸዋ እየወሰዱ ነው አልኳቸው። ቅዳሜ እንሄዳለን አሉ።

ቅዳሜ ሄድን። አንድ ጆንያ አሸዋ ለማምጣት ባዶ ገልባጭ መኪና ይዘን፣ ጋሼ ላምቦሬ መሪውን ይዘው፣ እኔና ሩት ጋቢና ውስጥ ተጣብበን። መንገዱ ሲያልቅ በእግር ወጣን። ወንዙ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ስንደርስ አንዲት ሴት ልብስ ታጥባለች። ሩት በአገሩ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ ሰላም አለቻትና ስለ ሁለቱ ወንዞች ጠየቀቻት። ምን አለች ብዬ በጉጉት ብጠይቅ ሁለቱም ይቀዘቅዛሉ አለች አለችኝ።

እኔ ካርታ ዘረጋሁ። የቀኙ ገባር ከትልቁ ገደል ሥር ስለሚመጣ ከእሱ መጀመር እንዳለብን ለጋሼ ላምቦሬ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ምክንያቶቼ ጥሩ ነበሩ፣ ብዙም ነበሩ። እሳቸው አካፋቸውን ተደግፈው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቀና ስል ሩት የለችም። ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በግራው ውኃ ውስጥ ገብታ ሽቅብ እየሄደች ነው፤ ጎንበስ ትልና ከሥሩ በእፍኟ ዘግና ወደ ፀሐይ ይዛ ታያለች።

ካርታውን አጠፍኩት። ጫማዬን አውልቄ ተከተልኳት።